ጭቃው ሳይደርቅ

ቅረቡ ወገኖቼ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፣ ቡናው ገና አቦል ነውና አንቸኩል። የማወጋችሁ ስለ አንዲት ቤት ነው። ወርዷ አራት እርምጃ፣ ቁመቷ አምስት እርምጃ፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ከምናለሽ ተራ የተገዛ አሮጌ ቆርቆሮ፣ በአንድ ሌሊት ቆማ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሰው አኑራ፣ በአንድ ረፋድ የፈረሰች ቤት ናት። ስትቆም ነበርኩ፤ ስትፈርስም ነበርኩ፤ በመሃል ያደረግሁትን ሳልናገር ብሞት ስለሚቆጨኝ ነው ዛሬ አፌን የምከፍተው።

አስቀድሜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ችካል ተሸካሚ ነበርኩ። ቀያሹ በሦስት እግር ባቆመው መነጽር አሻግሮ ያያል፤ እኔ ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንግ ይዤ ወዲያ ማዶ እቆማለሁ፤ «ግራ» ሲለኝ ወደ ግራ፣ «ቀኝ» ሲለኝ ወደ ቀኝ እላለሁ፤ ከዚያም እጁን ወደ መሬት ጣል ሲያደርግ ዘንጉ የቆመበት ላይ ችካሌን አስቀምጬ በመዶሻ እመታለሁ። ችካሉ ክንድ የሚያህል የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ራሱ ቀይ ቀለም የተቀባ። በ1978 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጣሊያን ባለሙያዎች አብረው የነደፉት የከተማዋ መሪ ፕላን ሲጠናቀቅ፣ ወረቀት ላይ ያለው መስመር መሬት ላይ መውረድ ነበረበትና፣ እኔና አለቃዬ ጠዋት ቆሎ በኪሳችን ይዘን እየወጣን፣ ማታ በጭቃ ተለውሰን እየገባን ብዙ ወራት አሳለፍን።

አንድ ቀን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ በቀበና ወንዝ ዳር ስንቀይስ ዋልን። መስከረም ገና መጥባቱ ነበር፤ አደይ አበባው ገደሉን ሸፍኖታል፣ ውሃው ጎድሎ ጠጠር ለጠጠር እየተንከባለለ ይወርዳል፣ ሲያዩት ሕፃን የሚሻገረው ምንጭ ይመስላል። እኔም ችካሉን ከውሃው ርቄ እንድተክል መታዘዜ ገርሞኝ «ምነው ይህን ሁሉ መሬት ለዚህች ውሃ እንተዋለን?» አልኩ። አለቃዬ ሽማግሌ ሰው ነበር፤ አልተቆጣኝም። እጄን ያዘና ወደ አንድ ዛፍ ወሰደኝ፣ ከዚያም ቀና በል አለኝ። ከራሴ በላይ፣ ቅርንጫፉ መሃል፣ የደረቀ ሣርና የተቀዳደደ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። በነሐሴ ውሃው ያስቀመጠው ነው። «ይህን መስመር ያሰመርኩት እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው» አለና ወደ ወንዙ በአገጩ አሳየኝ።

ከሰዓት በኋላ ከፍ ብለን ሌላ መስመር ተከልን። ይኸኛው ለመንገድ ነው፤ ከኮረብታው ወገብ ላይ ቀጥ ብሎ ያልፋል። እኔም እንደ ጠዋቱ እንዲያስተምረኝ ፈልጌ «ይህንንስ ማን አሰመረው?» ስል ጠየቅሁ። ወረቀቱን አጠፈ፣ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ከተተ፣ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያም «ይህ እንኳ የእርሳስ ነው» አለኝ። እንግዲህ ይህን ቃል ያዙልኝ፤ የውሃ መስመርና የእርሳስ መስመር። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ያህል ይዤው ከኖርኩ በኋላ ነው በአንድ ሌሊት የተፈተንኩበት።

ይህች ከተማ ስትቆረቆር፣ ታውቁታላችሁ፣ መስመር የሚባል ነገር አልነበራትም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርደው መስኩን ከወደዱት ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ፣ መኳንንቱ በየጉብታው ድንኳን ተከሉ፣ ጭፍራው በጌታው ዙሪያ ሰፈረ፣ ሰፈሩም በሰው ስም ተጠራ፤ ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ እየተባለ። ኋላም ማገዶና ግንድ አልቆ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲል ባሕር ዛፍ ደረሰለት፣ ያ ዛፍም የደሃው ምሰሶና ማገር ሆኖ ቀረ። ከዚያ ንድፍ የሚያወጡት ተራ በተራ መጡ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ነደፈ፤ ለንደንን የነደፈው እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1948 ዓ.ም. ገደማ ነደፈ፤ ከእሱ በኋላ ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ነደፈ፤ ከዚያም እኔ ችካሉን የተከልኩለት መጣ። ነዳፊው ቀና ባለ ቁጥር ሰው ቀድሞት ሰፍሮ ይገኛል፤ ንድፉ የሚወጣው ለዓመታት ነው፣ ሰው ግን የሚተኛበት የሚፈልገው ዛሬ ማታ ነው።

እኔ ራሴ የምኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ለመኖሪያም እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ ተባለ፤ ኪራይም ተቀነሰ። በኪራይ ጉሮሮውን የታነቀ ስንት ሰው ያን ቀን እንዳለቀሰ እኔ አይቻለሁ፤ የደስታ ለቅሶ ነበር። ነገር ግን ቤቱ የሁሉም ሲሆን ግድግዳውን የሚመርገው ጠፋ። የኔ ቤት በስተ ጓዳው በኩል ዘመመ፤ ጭቃውን አንስቼ በብሎኬት ልተካው ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ «ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት የተያዘ ስለሆነ ቋሚ ግንባታ አይፈቀድም» ተባልኩ። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲያው፣ ከዚያ በኋላም እንዲያው። ሰባት አባወራ በአንድ ሽንት ቤት እየተሰለፍን፣ የሚመጣውን ልማት እየጠበቅን፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ግድግዳዬን በሁለት ግንድ እየደገፍኩ ኖርኩ። ችካል የምተክለው ሰው ከችካል በስተ ጀርባ መኖር ምን እንደሆነ አልጠፋኝም፣ ወገኖቼ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ እንምጣ።

ከመንዝ የመጣች ናት። ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ባለቤቴ በየሳምንቱ ቅዳሜ ትጠራት ነበርና ከቤተሰብ ሳትለይ ኖረች። ሁለት ልጆች አሏት፣ ባሏ ለሥራ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። እኛ ግቢ አጠገብ ካንድ ሰው ጓሮ፣ ቀድሞ የበግ ጋጣ የነበረች ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ኪራዩ በዓመት ሁለቴ ይጨምራል፤ አሁንም ጨመረ፤ ከዚያም አከራዩ ልጄን ልድር ነውና ቤቱን ልቀቂ አላት። ሲላት ሁዳዴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። የ1994 ዓ.ም. ሁዳዴ መሆኑ ነው።

ወዴት ትሂድ? ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ መሬት በሊዝ ሆኗል፤ የተሻለ ዋጋ የሰጠ በጨረታ ይወስዳል። አጣቢ ሴት በጨረታ አዳራሽ ምን ብላ እጇን ታወጣለች? የቀበሌ ቤት ለማግኘት የሚጠባበቀው ሰው መዝገብ ሞልቷል። የጋራ መኖሪያ ቤት የሚባለውም ገና አልተጀመረም ነበር። የቀራት አንድ መንገድ ነበር፣ ብዙ ሰው የሄደበት። ስሙንም ታውቁታላችሁ፤ በጨረቃ ስለሚሠራ ጨረቃ ቤት ይባላል።

ሰፈሩ መከረ። ምክሩ የተደረገው በባለቤቴ ምድጃ ዙሪያ ነው፤ እኔም ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የማልሰማ መስዬ ሰማሁ። ቀኑ ተቆረጠ፤ የፋሲካ ዕለት ማታ። በዚያ ሌሊት ጾም የፈታ ሰው ጠግቦ ይተኛል፣ ሹሙም ጠባቂውም ለበዓል ቤቱ ነው፣ ሰኞም ማዕዶት ነውና የሚነቃ የለም። ምሰሶው በየሰው ጓሮ ሁለት ሦስት እየሆነ ተደበቀ፤ ቆርቆሮው የአንዲት አሮጊት አልጋ ሥር ገባ፤ ምስማሩ በኪሎ ተገዝቶ በሽሮ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀመጠ። ጭቃው ግን አይደበቅም፤ ሳይቦካ አይለጠፍምና ከነ ጭዱ ቢያንስ ሦስት ቀን መረገጥ አለበት። ስለዚህ አንዱ ጎረቤት ግድግዳዬን ልመርግ ነው ብሎ በደጁ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ልጆቹም በስቅለት ዋዜማ የጤፍ ጭድ እየጨመሩ እየሳቁ ረገጡት።

ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። ቀን ተበላ፣ ተጠጣ፣ ማታ ሁሉም በጊዜ የተኛ መሰለ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ፤ ምንም አላለችም፣ የሥራ ጫማዬን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠች። እኔም አሰርኩት። ሁለት ቋሚ በትከሻዬ ይዤ ወጣሁ።

የፋሲካ ጨረቃ እኮ ዘግይታ ነው የምትወጣው፤ ሙሉዋ ያለፈባት ስለሆነች ለመንፈቀ ሌሊት ቅርብ ካልሆነ አትታይም። ስለዚህ ያን ቁልቁለት በድቅድቅ ጨለማ ነው የወረድነው፤ አንዱ የፊተኛውን ነጠላ ጫፍ ይዞ፣ እንጨቱ እንዳይጋጭ ጨርቅ ተጠምጥሞበት፣ ውሻ ሲጮህ ሁሉም ባለበት እየቆመ፣ ከዚያም እንደገና እየተጓዘ። የበልግ ካፊያ ጀምሮ ነበርና አፈሩ ይሸታል። ሴትዮዋ ትንሹን ልጅ አዝላ፣ ትልቋን ልጅ በእጇ ይዛ፣ በራሷ ላይ ደግሞ ለሠራተኛው የተረፈውን የዶሮ ወጥ በድስት ተሸክማለች። ስትራመድ ድስቱ ጠብ አላለም።

ወንዙን ስንሰማ ቆምን። ቀድሞ የወረደው አናጢ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሮ ጨርሷል። ያን ጊዜ ሰባት ሰዓት ገደማ ጨረቃዋ ጎደሎ ሆና ከኮተቤ በኩል ብቅ አለች፤ መሬቱም ግራጫ ሆኖ ታየኝ። እኔም የቆምኩበትን አወቅሁት። ዛፉ አለ። ከዛፉ ወደ ላይ የተከልኩት ችካል ጠቁሮ ቀለሙ ለቆ አሁንም አለ። አናጢው የቆፈረው ከሱ በታች ነው።

«እዚህ አይሆንም» አልኩ።

ድምፄን ቀስ ብዬ ነበር ያወጣሁት፣ ሁሉም ግን ሰማ። አንዱ ወጣት ጭቃ የያዘ ጆንያውን ከትከሻው ጣለና «እርስዎም በሌሊት የመንግሥት ሰው ሆኑብን?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ሴትዮዋን በክርኗ ይዤ ወደ ዛፉ ወሰድኳት፤ አለቃዬ እኔን እንደወሰደኝ። ቀና በይ አልኳት። የዚያኛው ዓመት ሣር ሄዷል፤ ያምናው ግን አለ፣ ከነ ላስቲኩ፣ ከራሷ በላይ። እጇን ዘርግታ ልትነካው ሞከረች፤ አልደረሰችበትም። ከዚያም በጀርባዋ ያለውን ልጅ አውርዳ በክንዷ አቀፈችው። «ታዲያ የት ልሂድ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን ጥያቄ የጠየቀችው እኔን ነው፤ እኔን ግን አልነበረም መጠየቅ የነበረባት። የሚኖርበትን የሚፈልገውን ሰው «እዚህ አይሆንም» የሚል ሁሉ፣ ባፉ ውስጥ ሁለተኛ ቃል ይዞ መምጣት አለበት፤ «እዚያ ይሆናል» የሚል። ያለዚያ የመጀመሪያው ቃል እውነት ቢሆን እንኳ ሰውየውን ያው ወንዙ ውስጥ ይገፋዋል። እኔ ያን ሌሊት ሁለተኛው ቃል አልነበረኝም፤ ያለኝ እግሬ ብቻ ነበር። እናም ወደ ላይ መራመድ ጀመርኩ፤ ሁሉም ተከተሉኝ። አርባ ያህል እርምጃ ወጥተን መሬቱ ደልደል አለ፤ ዓለት ያለው፣ ውሃ የማይደርስበት፣ ለምሰሶ የሚመች። እዚያም መሃል ላይ አንድ ችካል ቆሟል። የመንገዱ ችካል ነው፤ የእርሳሱ።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ሊነጋ አራት ሰዓት ቀርቶናል። ጎንበስ አልኩና ነቀልኩት።

ሌላ ሰው አልነቀለውም፤ እኔ ነኝ። በዚህ እጄ የተከልኩትን በዚህ እጄ ነቀልኩት። ከባድ አልነበረም፣ ዓመታት አፈሩን አላልተውት ነበርና፤ ወደ እንጨቱ ክምር ወረወርኩትና መቆፈሪያ አነሳሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በዝርዝር ብነግራችሁ ሌሊቱን ያህል ይፈጃል። ቋሚው ቆመ፣ ማገሩ ተመታ፤ የመዶሻው ድምፅ እንዳይሰማ በምስማሩ ራስ ላይ እርጥብ ጨርቅ እየተደረገ። ሴቶቹ ጭቃውን በእቅፋቸው አቀበሉ፣ ወንዶቹ በመዳፋቸው እየመቱ ማገሩ መሃል ጠቀጠቁት። ወራጁ ወጣ፣ ቆርቆሮው ተዘረጋ። ቀበሮ ስትጮህ ሳቅን፤ ለምን እንደሳቅን አላውቅም፤ ድካም ይሆናል። አሥራ አንድ ሰዓት ሲል በሩ ተሰቀለ፣ ሴትዮዋም ሦስት ጉልቻ ጎልታ እሳት አያያዘች። ይህ የሥራው ማሰሪያ ነው፤ ባዶ እንጨት በእግር ተገፍቶ ይወድቃል፣ ጭስ የሚወጣበትና ልጅ የተኛበት ቤት ግን ሊያፈርሰው የመጣውን ሰው ደጃፍ ላይ ያቆመዋል።

አቆመውም። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ወጣት ሰነድ በክንዱ ይዞ መጣ። ቤቷን ዞራት። ግድግዳውን በጣቱ ነካው፣ ጣቱም እስከ አንጓው ገባ፣ ጭቃው አልደረቀም ነበርና። ጣቱን አውጥቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያም በሩን ገፋ አድርጎ ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ልጁ በጆንያ ላይ ተኝቷል፣ እናቱ ቆማለች፣ አልለመነችውም። ወጣቱም ጣቱን በሱሪው ጠረገና «እመለሳለሁ» አለ፤ ወረደ። እሱ አልተመለሰም። ያን ወጣት ሥራውን አልሠራም ብዬ ልወቅሰው አልችልም፣ እኔም የምወቀስ ነኝና፤ ግን ያን ቀን ጣቱ ላይ ያየው ነገር ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሰውዬ ከውሃው ችካል በታች ሠራ። እኔ በዚያ ወር ለሥራ ከከተማ ወጥቼ ነበር፤ ስመለስ ቤቱ ቆሞ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ደጁ ላይ ጎመን ተተክሎ አገኘሁት። ነገርኩት፣ ሰማኝም፤ ግን ያለው ሁሉ እዚያ ግድግዳ ውስጥ ገብቷል። በሁለተኛው ነሐሴ፣ ሌሊት፣ ከእንጦጦ የወረደው ውሃ ጓዳውን፣ ከዚያም አልጋውን፣ ከዚያም ቤቱን ይዞ ሄደ። ልጆቹን በገመድ አወጣናቸው፤ ያደሩትም እዚያችው በፋሲካ ሌሊት በቆመችው ቤት፣ በምድጃዋ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ፕላን ጠላቴ ነው የሚል ሰው ሲመጣ አልስማማም። ያለ መስመር ከተማ የደሃ መቃብር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ቆሼ ሲናድ፣ የቆሻሻው ተራራ ከሥሩ ባሉት ቤቶች ላይ ወድቆ ከ110 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጥን ሁሉ እዚያ መኖር እንደሚያሰጋ እናውቅ ነበር፤ ሟቾቹም ያውቁ ነበር። ያኖራቸው አለማወቅ አልነበረም።

ከተማዋም ዝም አላለችም፤ ሐቁን ልናገር። በ1996 ዓ.ም. የጋራ መኖሪያ ቤት በገርጂ ለሙከራ ተጀመረ፤ ለምዝገባ ሲጠራ በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተሰለፈ፤ በ2005 ዓ.ም. እንደገና ሲጠራ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ወጣ። ያን ሰልፍ ያየ ሰው የከተማዋን ችግር ከማንኛውም ንድፍ በላይ አይቶታል። ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፤ ሜዳው ሁሉ ፎቅ ሆነ፣ ብዙ ሰው ቁልፍ ተቀበለ፣ ብዙ ሰው ደግሞ ባንክ ደብተሩን ይዞ ጠበቀ። እዚያም ያረሰው ገበሬ ነበረበት፤ አንዱ ቁልፍ ሲቀበል ሌላው እርሻውን ሲለቅ፣ ያም ቁስል ነበር፣ በ2006ና በ2008 ዓ.ም. ስለ ከተማዋና ስለ ዙሪያዋ ኦሮሚያ የተዘጋጀው የተቀናጀ ፕላን ስንት ሰው እንዳስለቀሰ የምታስታውሱት ነው። በ2009 ዓ.ም. የጸናው መዋቅራዊ ፕላን ደግሞ የከተማዋን መሬት ከመቶ እንዲህ አካፈለው፤ 30 እጅ ለመንገድ፣ 30 እጅ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 እጅ ለግንባታ። ክፍፍሉን ጥሩ ነው እላለሁ፤ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ውሃው የሚያልፍበት ያስፈልጋል። ነገር ግን ከተማዋ ባዶ ሉህ አይደለችም። ለመንገድና ለአረንጓዴ በተባለው መሬት ላይ ምድጃ እየጨሰ ነው፤ ያንን ምድጃ ወዴት እንደምናዛውር ሳንጽፍ ክፍፍሉን መጻፍ፣ እህል ሳያስገቡ ጎተራውን ማካፈል ነው።

ሴትዮዋም ከሚጠብቁት አንዷ ነበረች። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 የጋራ መኖሪያ ቤት ተመዘገበች፣ ባለ አንድ መኝታ፤ በየወሩ 274 ብር ታስገባለች። ሰው ለጤፍ የሚያጥረውን እሷ ከሳሙና አጠራቅማ ታስገባ ነበር፤ አንድ ወር አልዘለለችም። በ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጁ ሲወጣ ያለ ሰነድ የተያዙ ይዞታዎች ከፕላኑ ጋር ከተስማሙ ሥርዓት ይይዛሉ ስለተባለ፣ ከላይ ያሉት ጎረቤቶቿ ካርታ አገኙ። የእሷ ቤት መንገድ ላይ ናት፤ አልተስማማችም።

በየሳምንቱ ሳልፍ ትጠራኝ ነበር። ከበሩ በስተ ቀኝ፣ ግድግዳው ላይ፣ ነጠላዋን የምትሰቅልበት እንጨት አለ። በዚያ ሌሊት አናጢው ማንጠልጠያ ሲፈልግ ከክምሩ ያነሳው፣ በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ገፍቶ የተከለው ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀይ ቀለም ቀርቶበታል። ሦስተኛው ቡና እስኪመጣ ድረስ ከሱ ፊት ለፊት ተቀምጬ አየው ነበር። እሷም እኔ ሳየው ታየኝ ነበር፤ አንድ ቀን አንስተን አውርተን አናውቅም።

መንገዱ በ2010 ዓ.ም. ደረሰ። ከተከልኩት ሠላሳ ዓመት አልፎት ማለት ነው። በግድግዳዋ ላይ ቀይ ኤክስ ምልክት ተደረገ፣ ቀን ተሰጠ፣ ቀኑም ሞላ። የምታገኘው ምትክ አልነበረም። እድሩ መጣ፤ ለቀብር የሚተከለውን ድንኳን አምጥቶ ዕቃዋን ከዝናብ ከለለላት፣ ሴቶቹም እንደ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ቀቅለው አቀረቡ። እኔ ያኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ገባችና ነጠላዋን አወረደች፤ ከዚያም እንጨቱን በሁለት እጇ ይዛ ወዘወዘችው፣ ጭቃው ለቀቀው፤ በነጠላው ጠቅልላ ያዘችው። ቤቷም ወደቀች። ለመውደቅ የፈጀባት ጊዜ አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚያደርስ ሰው ያህል አይሞላም።

መንገዱ ክፉ ነው አልላችሁም። ዛሬ አምቡላንስ ይገባበታል፤ ድሮ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነበር የምትወጣው። መንገዱ መምጣት ነበረበት። ሠላሳ ዓመት እየዘገየ ሲመጣ ግን፣ በሠላሳው ዓመት ውስጥ አንድ ሰው አርባ እርምጃ ወደ ጎን የምትቆምበት ቦታ ሊያሰላላት አይችልም ነበር? ችካሉን የተከልኩ ሰው ነኝና የምናገረውን አውቃለሁ፤ ቦታ ነበር።

አምስት ዓመት ተከራይታ ዞረች። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ14ኛው ዙር የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ሲወጣ ስሟ ወጣ። ልጇ ስልክ ደወለችልኝ፤ በስልኩ ውስጥ እልልታ ብቻ ነበር የሚሰማው። በቀናት ውስጥ ግን በመረጃው ውስጥ የማይገባቸው ሰዎች ገብተዋል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ የምለው አልነበረኝም። ልብስ እያጠበች ነበር፤ ማጠቧን አላቆመችም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ዕጣው እንደገና ወጣ። ስሟ እንደገና ወጣ። ያን ጊዜ እልል አላለችም፤ ቁልፉ እጇ እስኪገባ ድረስም ለማንም አልተናገረችም።

ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃት ሄድኩ። ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ወደ ምሥራቅ፤ ከተማው አልቆ እርሻ ይመስልና እንደገና ፎቅ ይመጣል፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ፣ ቁጥሩን በቀለም የጻፉበት። አራተኛ ፎቅ ናት። ደረጃውን እያረፍኩ ወጣሁ፤ በእያንዳንዱ ወለል አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ልያዝልዎት?» እያለ ያመጣሁትን ዳቦ ይቀበለኛል። ገባሁ፣ ተሳሳምን፣ ቡናው ተቆላ። እድሯ ሁለት ታክሲ ይርቃል፤ ለቅሶ ሲደርስ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ትነሳለች። ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ግድግዳው ደረቅ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሊያፈርሰው የሚመጣ የለም።

ነጠላዋን ወንበር ላይ አስቀምጣለች። ሰቀያው የት ሄደ አልኩ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ያን ጊዜ ገና ስሙን ጠራሁት። ተነሳችና ከአልጋው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ ገልጣም ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። የሾለው ጫፉ ላይ የደረቀ ጭቃ ከነ ጭዱ ተጣብቆ አለ።

«ልጁ ሊተክለው ሞከረ» አለችኝ። «ኮንክሪቱ ውስጥ አልገባ አለው፣ ጋሼ።»